ዓይናቸው የተቆረጠባቸው የጣና ዳር ሸርጣኖች፦ የጉዳይ ጥናት

በባሕር ዳር ከተማ፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ አንድ ግቢ፣ በሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ የሚኖሩ ሸርጣኖች በአንድ የታኅሣሥ ወር ተራ በተራ ቅርፊታቸውን መጣል ጀመሩ። ሸርጣን የሚያድገው ቅርፊቱን ጥሎ ሌላ በመልበስ ብቻ ስለሆነ ባለቤታቸው፣ አንድ ወጣት፣ በመጀመሪያ ደስ ብሎት ነበር። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። አንዳንዶቹ አሮጌውን ቅርፊት እስከ ግማሽ አውልቀው እዚያው ቀሩ። ሌሎቹ ወጥተው ገና ሳይጠነክሩ ጎረቤቶቻቸው በሏቸው። ሁሉም ነገር የተጀመረው እንቁላል ለማግኘት ቢሆንም እንቁላል የተሸከመች አንዲት ሴት እንኳ አልታየችም። ወጣቱ ሴቶቹ ቶሎ እንዲራቡለት ብሎ የእያንዳንዳቸውን አንድ ዓይን፣ ዓይኑ ከተቀመጠበት ቀጭን ዘንግ ጋር፣ ቆርጦት ነበር።

እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ጉዳዩን በዝርዝር ለመጻፍ የተነሣሁት ዓይን የመቁረጡ ምክር በቪዲዮ በቀላሉ የሚገኝ ሆኖ ሳለ፣ ከምክሩ ጀርባ ያለው የሆርሞን ሥራ በአማርኛ ብዙም ሳይብራራ ስለቀረ ነው። እዚያ ገንዳ ውስጥ የሆነው ነገር ደግሞ ያንን ሥራ ከማንኛውም ሥዕል በተሻለ ያሳያል።

ገንዳውና ባለቤቱ

ወጣቱ በባዮሎጂ ተመርቆ ሥራ ሲያፈላልግ የቆየ ልጅ ነው። የሸርጣን ሐሳብ የመጣለት ከአንድ የሆቴል ሠራተኛ ጋር ሲጨዋወት ነው፤ አንዳንድ የውጭ አገር እንግዶች ሸርጣን ይኖር እንደሆነ እንደሚጠይቁ ሰማ። እኛ ዘንድ ሸርጣን በሃይማኖት ሥርዓትም በልማድም ወደ ማዕድ የሚቀርብ ነገር አይደለም። የጣና አስጋሪዎች የሚፈልጉት ቆሮሶን፣ አምባዛንና ነጭ ዓሣን ነው። መረብ ላይ የተጠላለፈ ሸርጣን ለእነሱ ጣጣ ነው፤ ሲፈቱት ጊዜ ይወስዳል፣ ክሩንም ይቆርጣል። ስለዚህ ልጁ «ልውሰደው?» ብሎ ሲጠይቃቸው ያለ አንዳች ክፍያ ሰጡት።

እነዚህ ሸርጣኖች ፖታሞናውቴስ ከሚባለው የአፍሪካ የጨው አልባ ውኃ ሸርጣኖች ወገን ናቸው። የባሕር ዘመዶቻቸው በጣም ብዙ ደቃቅ እንቁላሎችን ጥለው ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ በውኃ ውስጥ እየተንሳፈፈ ሲያድግ፣ የእነዚህ አረባብ ግን ሌላ ነው። እንቁላሎቻቸው ጥቂትና ትልልቅ ናቸው። እናቲቱ ከሆዷ ሥር በታጠፈው ሰፊ ጭራዋ ውስጥ ይዛቸው ትቆያለች። ከእንቁላሉ የሚወጣውም ተንሳፋፊ እጭ ሳይሆን እናቱን የሚመስል ትንሽ ሸርጣን ነው፤ እሱም ለጥቂት ጊዜ ከሆዷ ሥር አይለይም። ይህን ልዩነት ከወዲሁ ማወቅ ይጠቅማል፤ የልጁ ዕቅድ በመጨረሻ የተሰናከለው እዚህ ላይ ነውና።

ገንዳው የተሞላው ከቤቱ ጣሪያ በሮቶ በተጠራቀመ የክረምት ውኃ ነበር። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለበት ሸርጣኖቹን ይጎዳል ብሎ ነው፤ ሥጋቱ ትክክል ነው። ገንዳው ውስጥ ድንጋይም መሸሸጊያም አልነበረም፤ ሲሚንቶው ወለል ለጥ ያለ ነበር። ምግባቸው የዓሣ ትራፊ ነው። እናቱ ንጽሕና የሚወዱ ሴት በመሆናቸው ጠዋት ጠዋት ገንዳውን ያጸዱለታል፤ የተጣለ ቅርፊት ካገኙም አውጥተው ቆሻሻ ላይ ይጥሉታል። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። «ሬሳ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ባዶ ልብስ ነው» አሉኝ። በኋላ እንደሚታየው ከዚህ ጉዳይ ዋና ዋና ማስረጃዎች አንዱ ይህ ንግግራቸው ነበር።

ዓይን የመቁረጡን ነገር ያየው የሸርጣን ዘመድ የሆነው የባሕር ሽሪምፕ በሚራባባቸው ጣቢያዎች ከተቀረጸ ቪዲዮ ነው። መቀሱን በእሳት አግሎ የእያንዳንዷን ሴት አንድ የዓይን ዘንግ ቆረጠ። ወንዶቹን አልነካም። ለምን እንዳደረገው ስጠይቀው በቅንነት መለሰልኝ፦ «መምህር፣ ሽሪምፕ ላይ ከሠራ ሸርጣን ላይ ለምን አይሠራም?»

ጥያቄው በቁም ነገር መመለስ ያለበት ጥያቄ ነው። ሰዎች ዓይን የሚቆርጡት በባዶ ሜዳ ተነሥተው አይደለም።

ዘንጉ ውስጥ ያለው

እ.ኤ.አ. በ1905 ቻርልስ ዘሌኒ የተባለ ተመራማሪ የዓይን ዘንጋቸው የተወገደባቸው ሸርጣኖች ከሌሎቹ ቀድመው ቅርፊት እንደሚጥሉ አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በ1943 ደግሞ ፓኑስ የተባለ ፈረንሳዊ ሳይንቲስት ዘንጉ የተቆረጠባት ሽሪምፕ እንቁልጢዋ ያለ ወቅቱ እንደሚያብጥ አሳየ። እንቁልጢ ማለት እንቁላል የሚበስልበት የሴቷ ዕጢ ነው። ሁለቱ ግኝቶች አንድ ላይ ሲነበቡ እድገትንም መራባትንም ወደኋላ የሚይዝ አንድ ነገር በዚያች ቀጭን ዘንግ ውስጥ እንዳለ ያመለክታሉ።

ያ ነገር ዛሬ ይታወቃል። በዘንጉ ውስጥ ኤክስ አካል የሚባሉ የነርቭ ሕዋሳት ስብስብ አለ። ሕዋሳቱ የሚሠሯቸው ሆርሞኖች በነርቭ ጭራቸው ተጉዘው ሳይነስ ዕጢ በሚባል ማከማቻ ይጠራቀማሉ፤ ከዚያ ወደ ደም ይለቀቃሉ። ከሆርሞኖቹ አንዱ ቅርፊት መጣልን ይከለክላል። በአውሮፓ የባሕር ዳርቻ ሸርጣን ተጠንቶ 78 አሚኖ አሲዶች የተያያዙበት ሰንሰለት ሆኖ ተገኝቷል። ሌላው የእንቁልጢን እድገት ይገታል። ሦስተኛው የደም ስኳርን ከፍ የሚያደርግ ነው። ሌላም አለ፤ በመንጋጋ አካባቢ ያለውን ዕጢ ይቆጣጠራል። ያ ዕጢ ሜታይል ፋርኔሶኤት የተባለውን ለመራባት የሚያግዝ ንጥረ ነገር ያመነጫል። ንጥረ ነገሩ በሸርጣን ደም ውስጥ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው።

ቅርፊት መጣልን የሚከለክለው ሆርሞን ዒላማ ደረት ውስጥ ያለው ዋይ አካል ነው። ዋይ አካል ኤክዳይሰን ያመነጫል፤ ኤክዳይሰን በሰውነት ውስጥ ወደ ንቁ መልኩ ሲለወጥ ቆዳው አዲስ ቅርፊት መሥራት እንዲጀምር ያዝዛል። ይህ ሆርሞን በደም ውስጥ ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ ለመገመት አንድ ታሪክ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1954 ጀርመኖቹ ቡተናንትና ካርልሰን ከ500 ኪሎ ግራም የሐር ትል ሙሽሬ ያገኙት 25 ሚሊ ግራም ኤክዳይሰን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ሃምፕሻየርና ሆርን በአውስትራሊያ ከአንድ ቶን የባሕር ሎብስተር (ይህም የሸርጣን ዘመድ ነው) ሁለት ሚሊ ግራም የሚሆን ንቁውን ሆርሞን አጣርተው አወጡ። ይህን ያህል ጥቂት ነገር ነው አንድን ሸርጣን ከልብሱ የሚያስወጣው።

እንግዲህ የዓይን ዘንግ የጎተራ ቁልፍ እንደያዘች የቤት እመቤት ነው። ያለውን ታውቃለች፣ ወቅቱን ታውቃለች፤ ልጆቹ ቢያለቅሱም ቁልፉን ካለጊዜው አታወጣም። ዓይኑ ብርሃኑን ያያል፣ የቀኑን ርዝመት ይለካል፤ የውኃው ቅዝቃዜ፣ ረሃቡ፣ የጎረቤት ጠብ ሁሉ በአንጎል በኩል ወደ እነዚያ ሕዋሳት ይደርሳል። ሁኔታው ሲመች የክልከላው ሆርሞን ይቀንሳል። ልጁ በመቀሱ ያስወገደው ይህን ሁሉ የሚመዝነውን ክፍል ነው። አንዱን ዘንግ መቁረጥ ክልከላውን ጨርሶ አያጠፋውም፤ ሌላው ዘንግ አለና። ግን በእጅጉ ያዳክመዋል።

ሽሪምፕ ላይ ለምን እንደሚሠራም ከዚህ ይገኛል። በማራቢያ ጣቢያ ያለች የባሕር ሽሪምፕ ሙሉ ጎልማሳ ናት፤ የበለጸገ ምግብ ታገኛለች፤ ውኃዋ ሞቃትና ማዕድን የሞላበት ነው። የሚጎድላት የክልከላው መነሣት ብቻ ነው። እንቁላሏን ደግሞ ውኃ ውስጥ ትበትናለች እንጂ አትሸከምም፤ ከዚያ በኋላ ብትደክም አርቢው የፈለገውን አግኝቷል። በልጁ ገንዳ ውስጥ ከእነዚህ ሁኔታዎች አንዱም አልነበረም።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ሰማያዊ ሸርጣን ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች የሴትነት ሆርሞን አገኙ፤ የተገኘውም በዓይን ዘንግ ውስጥ ነው። ይህ ሆርሞን ሲቀንስ እንቁላል የሚጣበቅባቸው የሆድ ሥር ፀጉሮች በወጉ አይበቅሉም። ጥናቱ በጣና ሸርጣን ላይ የተሠራ አይደለም፤ ሆኖም እንቁላሏን ከሆዷ ሥር ይዛ በምትቆይ እንስሳ ላይ ዘንጉን መቁረጥ ምን ማለት እንደሆነ በግልጽ ያሳያል። እንቁላሉ እንዲበስል የሚከለክለውና እናትየው እንቁላሉን የምትሸከምበትን የሚያሰናዳው ትእዛዝ ከአንድ ቦታ ነው የሚወጡት።

የሞተችውን ስንከፍታት

ወደ ግቢው የሄድኩት ልጁ በተማሪዬ በኩል ስላስጠራኝ ነው። ከሞቱት መካከል ግማሽ ድረስ ወጥታ የቀረች አንዲት ሴት በበረዶ አቆይቶልኝ ነበር። የዓሣ ማጽጃ ጠረጴዛቸው ላይ ከፈትናት።

የጀርባዋ ቅርፊት ከኋላ በኩል እንደ ደንቡ ተከፍቷል። ሸርጣን የሚወጣው በዚያ ቀዳዳ ወደኋላ እየተጎተተ ነው፤ ዓይኑን፣ ጉሮሮውን፣ የእያንዳንዱን እግር ሽፋን ሳይቀር ከአሮጌው ልብስ ማውጣት አለበት። አዲሱ ቅርፊት ከሥሩ ተሠርቶ ነበር፤ ግን እንደ እርጥብ ወረቀት ስስ ነው። የግራ ጥፍሯ አሮጌው ውስጥ ተይዞ ቀርቷል።

ውስጧ የበለጠ ይናገር ነበር። በሸርጣን አካል ውስጥ የጉበትንና የቆሽትን ሥራ በአንድነት የሚሠራ ትልቅ ክፍል አለ፤ ስቡን፣ ስኳሩን፣ ቅርፊት ለመሥራት የሚያስፈልገውን ሁሉ የሚያከማቸው እሱ ነው። በደህና ሸርጣን ቢጫ ወይም ቡናማ ሆኖ ይሞላል። የዚህችው ገርጥቶ ተኮማትሮ ነበር። ከጎኑ ያለው እንቁልጢ ደግሞ ነጭ ሆኖ መቅረት ሲገባው ወደ ብርቱካንማ መለወጥ ጀምሮ ነበር። ያ ቀለም የአስኳል ምልክት ነው፤ የአስኳሉን ፕሮቲን ከሚሠሩት አንዱም ያው የገረጣው ጎተራ ነው።

ልጁ ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና «ሁለቱንም አንድ ላይ ጀምራ ነበር ማለት ነው?» አለኝ።

አዎ። ክልከላው ሲላላ ሁለት ትእዛዞች በአንድ ጊዜ ተለቀቁ፦ ቅርፊት ሥሪ፣ እንቁላል አብስዪ። ሁለቱም የሚቀዱት ከአንድ ስንቅ ነው። በተፈጥሮ ሁኔታ ሸርጣን እነዚህን ሁለት ሥራዎች በጊዜ ለይቶ ይሠራቸዋል። እንቁላል ከሆዷ ሥር የያዘች ሴት ቅርፊት አትጥልም፤ ብትጥል እንቁላሉ ከቅርፊቱ ጋር ይወድቃልና። ዓይን በመቁረጥ ላይ የተሠሩ የቆዩ ሙከራዎችም ውጤቱ በወቅትና በዕድሜ እንደሚለያይ አሳይተዋል። በመራቢያ ወቅት የተቆረጠች ጎልማሳ በአብዛኛው እንቁላል ወደ ማብሰል ታደላለች፤ ከወቅቱ ውጭ የተቆረጠች ወይም ገና ወጣት የሆነች ግን ቅርፊት ወደ መጣል። የልጁ ሴቶች ዕድሜያቸው የተደባለቀ ነበር። በአንዳንዶቹ ጭራው ገና ጠባብ ስለሆነ ለመራባት ያልደረሱ መሆናቸውን ከውጭ ማየት ይቻል ነበር፤ ለእነሱ የዓይን መቆረጥ ከጅምሩ ለእንቁላል የሚሆን አልነበረም።

ሌሎቹ ተጠርጣሪዎች

እዚህ ላይ ሁሉንም በመቀሱ ማሳበብ ቀላል ነበር። ግን ወንዶቹ አሉ። ዓይናቸው ያልተነካ ወንዶችም ቅርፊት ጥለው ነበር፤ ጥቂቶቹም ሞተዋል። ምክንያቱ ዓይን ብቻ ቢሆን ይህ እንዴት ይሆናል?

ወንዶቹን አንድ በአንድ እያነሣን አየናቸው። ቅርፊት የጣሉት ወንዶች ማለት ይቻላል በሙሉ ብዙ እግር የጎደላቸው ናቸው። መሸሸጊያ በሌለው ገንዳ ውስጥ ጠቡ የበረታ ነበር፤ ሸርጣን እግሩ ሲያዝ ራሱ ቆርጦ ጥሎት ይሸሻል። እ.ኤ.አ. በ1970 ዶሮቲ ስኪነርና ግራሃም በየብስ ሸርጣን ላይ ባሳተሙት ጥናት ብዙ እግሮች በአንድ ጊዜ ሲጎድሉ እንስሳው ቀድሞ ቅርፊት ወደ መጣል እንደሚሄድ አሳይተዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የጠፋ እግር የሚተካው በሚቀጥለው ልብስ ነው። ሙሉ እግር የነበራቸው ወንዶች ግን በዚያ ቅዝቃዜ ቅርፊታቸውን አልጣሉም። በአንጻሩ ሙሉ እግር ያላቸው፣ ዓይናቸው የተቆረጠ ሴቶች ጥለዋል። ስለዚህ ያለጊዜው ለመጣሉ ሁለት ምክንያቶች ጎን ለጎን እንደነበሩ ተቀበልን፤ በሴቶቹ ዋናው መቀሱ፣ በወንዶቹ የእግር መጉደል። እግርም ዓይንም ያጡት ሴቶች በየትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም፤ ልለየው ብልም ከማስረጃው አልፌ እሄዳለሁ።

ሞቱስ? የሞቱት ከሁለቱም ወገን ስለሆኑ የሞታቸው ምክንያት ሁለቱ የሚጋሩት ነገር መሆን አለበት። ወደ ውኃው ተመለስን።

የዝናብ ውኃ ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል። የሸርጣን ቅርፊት ጠንካራ የሚሆነው ደግሞ በካልሲየም ካርቦኔት ነው። ቅርፊቱን ሊጥል ሲል ከአሮጌው ላይ የተወሰነውን ካልሲየም መልሶ ወደ ሰውነቱ ይወስዳል፤ የቀረው ከልብሱ ጋር ይወድቃል። ከወጣ በኋላ የጎደለውን ከውኃው፣ በሚተነፍስባቸው ስንጥቦቹ፣ ይስባል፤ የጣለውን ልብስም ቀስ በቀስ ይበላዋል። ጨው አልባ በሆነ ውኃ የሚኖር ሸርጣን ከባሕር ዘመዱ ይልቅ በዚህ ነገር ቆጣቢ መሆን ግድ ይለዋል። እዚያ ገንዳ ውስጥ ግን ውኃው ባዶ ነበር፤ ልብሱም በየጠዋቱ ይጠረግ ነበር።

እናቱ ይህን ስነግራቸው ደነገጡ። ጥፋት የሠሩ መስሏቸው ነበር፤ ማንም ሰው ገንዳ ሲያጸዳ የሚያደርገውን ነው ያደረጉት፤ ያልነገራቸው ደግሞ ልጃቸው ነው፣ እሱም አላወቀም ነበር። ከዚያ በኋላ ገንዳውን ከሁላችንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ሆኑ። ከምግብ የራቀ፣ ጥግ የያዘ፣ ቀለሙ የደበዘዘ ሸርጣን ሲያዩ «ይኸኛው ሊጥል ነው» ይላሉ፤ ይጥላልም።

ግማሽ ድረስ ወጥቶ የመቅረቱ ጉዳይ ሌላም ገጽታ አለው። ሸርጣን ከልብሱ የሚወጣው በጡንቻ ብቻ አይደለም፤ ውኃ ወደ ሰውነቱ አስገብቶ ያብጣል፤ እብጠቱ አሮጌውን ቅርፊት ይገፋዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 በዚያው በአውሮፓው የባሕር ዳርቻ ሸርጣን ላይ የወጣ ጥናት ይህን እብጠት የሚያስነሣው የደም ስኳር ከፍ የሚያደርገው ሆርሞን መሆኑን፣ በዚያች ሰዓትም ሆርሞኑ በብዛት የሚለቀቀው ከአንጀት ሕዋሳት መሆኑን አሳይቷል። ስንቁ ያለቀበት እንስሳ ወደ ልብስ መጣል ሲገፋ ይህን ከባድ ሥራ በምን አቅም ይወጣው? በከፈትናት ሴት ያየነው ከዚህ ጋር ይገጥማል፤ በአንዲት እንስሳ ግን ተረጋግጧል ብዬ አልጽፍም።

የተደረገው

በሕይወት የቀሩትን ለማዳን ሆርሞን አልሰጠንም። ለጣና ሸርጣን የሚሆን ሆርሞን በመርፌ መስጠት ቢቻል እንኳ ለእኔ ትርጉም አልነበረውም፤ የጠፋው ሆርሞኑ ትእዛዝ የሚሰጥበት ሁኔታ ነበርና።

ውኃው ከሐይቁ በጀሪካን እየተቀዳ ተቀየረ። የእንቁላል ቅርፊትና የቀንድ አውጣ ዛጎል ተወቅጦ በአንድ ጥግ ተቀመጠ። በግቢው ውስጥ የተሰባበረ እንስራና ገንቦ ሞልቶ ነበር፤ ስባሪዎቹ ተደፍተው መሸሸጊያ ሆኑ። በአንድ ወገን ከውኃው በላይ የሚወጣ የድንጋይ ቁልቁለት ተሠራ፤ እነዚህ ሸርጣኖች አየርም ስለሚተነፍሱ ከውኃ መውጣት ይፈልጋሉ። ከዓሣው ትራፊ ሌላ የበሰበሰ ቅጠል ተጨመረላቸው። ቁጥራቸው ስለበዛ ልጁ ገሚሶቹን ወስዶ አስጋሪዎቹ በሰጡት ቦታ ወደ ሐይቁ መለሳቸው። የተጣለ ልብስ የሚነካ የለም። መቀሱም ሁለተኛ አልተነሣም።

ዓይን መቁረጥን በተመለከተ ለልጁ የነገርኩት ከሳይንሱ ውጭ የሆነ ነገርም አለ። ሸርጣን ሕመም ይሰማው እንደሆነ ሲከራከሩ የኖሩ ብዙ ናቸው፤ ዛሬ ማስረጃው ወደ ይሰማዋል ያደላል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣችው የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ሸርጣንንና ሎብስተርን ስሜት ካላቸው እንስሳት ጋር ቆጥራለች። እንቁላል ይገኝበታል እንኳ ቢባል እኔ በዚያ መንገድ የተገኘ እንቁላል አልፈልግም። ልጁ አልተከራከረኝም፤ ሲቆርጥ የተሰማውን ቀድሞ ነግሮኝ ነበርና።

ሞቱ ወዲያው አልቆመም። ዓይናቸው ከተቆረጠ ሴቶች መካከል ልብስ መጣል የጀመሩት ከመንገድ የሚመለሱ አልነበሩም፤ ዋይ አካል አንዴ ከተነሣ ሥራው ወደፊት ብቻ ነው። ሆኖም በሐይቅ ውኃ ውስጥ የጣሉት አብዛኞቹ ወጡ። ከወጡም በኋላ በእንስራው ስባሪ ሥር ተደብቀው፣ ልብሳቸውን እየበሉ፣ ጠነከሩ። በአንዱ ወገን ብቻ ዓይን ያላቸው ጥቂት ሴቶች እስከ ክረምት ደረሱ። ከእነሱ አንዷም እንቁላል አልያዘችም።

ያልተቆረጡ ሴቶች የመጡት ኋላ ነው። አንድ አስጋሪ በግንቦት መጨረሻ ከመረቡ የፈታቸውን ጭራቸው ሰፊ የሆኑ ጎልማሶች አመጣ፤ ልጁም በአዲሱ ሁኔታ አስቀመጣቸው። ዝናቡ ከገባ በኋላ አንዷ ከስባሪው ሥር አልወጣም አለች። እናቱ ምግብ ሲወረውሩላት ጭራዋን ገለጥ ስታደርግ አዩና ደወሉልኝ። እንቁላሎቹ በዓይን የሚቆጠሩ ዓይነት ነበሩ፤ ክብና ብርቱካንማ፣ የከፈትናት ሴት እንቁልጢ ሊይዘው ጀምሮ የነበረው ያው ቀለም። በኋላ ትንንሾቹ ሲወጡ እናታቸው ሆድ ሥር ተጨናንቀው ነበር። አንዲት ሴት ወቅቷን ጠብቃ መራባቷ የዓይንን መቆረጥ ጉዳት አያረጋግጥም፤ የመጣችው ከሐይቁ ስለሆነ ስንቋን ይዛ ነው የመጣችው። ለእኔ የሚያረጋግጠው ገንዳው አሁን እናት ሊያስተዳድር የሚችል መሆኑን ነው።

የሆቴሉ ንግድ ግን ቀረ። ልጁ ራሱ ተቀምጦ አሰላው። ከአንዲት እናት የሚገኙት ልጆች ጥቂት ናቸው፤ ለገበያ እስኪደርሱ ብዙ ጊዜ ልብስ መጣል አለባቸው፤ በእያንዳንዱ መጣል የሚሞት አለ፣ የሚበላም አለ። ፈላጊው ደግሞ አልፎ አልፎ የሚመጣ እንግዳ ነው። ከሐይቁ እየሰበሰቡ መሸጥን አንሥተን ነበር፤ ጥቂት እንቁላል የሚይዝ እንስሳ በዚያ መንገድ በፍጥነት ይመናመናል ብዬ ተቃወምኩ፤ እሱም ተወው።

ገንዳው አሁን የልምምድ ቦታ ሆኗል። በአቅራቢያው ካለ ትምህርት ቤት የሚመጡ ተማሪዎች የሴቷን ሰፊ ጭራና የወንዱን ጠባብ ጭራ ያነጻጽራሉ፤ ልጁ ያብራራላቸዋል፤ ማብራሪያውም ጥሩ ነው። እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር እያንዳንዱ ሸርጣን መቼ ልብሱን እንደጣለ፣ ጠዋትና ማታ የውኃው ሙቀት ስንት እንደነበረ እንዲመዘግብ ነው። ለመለየት የጀርባቸው ቅርፊት ላይ በጥፍር ቀለም ቁጥር ጻፈ። ቁጥሩ ከልብሱ ጋር ይወድቃል፤ ልብሱን ደግሞ ለምልክት ብሎ ማንሣት አይቻልም፣ ሸርጣኑ ሊበላው ይገባልና። ስለዚህ እናቱ «ሊጥል ነው» ያሉትን ሁሉ የሐይቅ ውኃና አንድ የእንስራ ስባሪ ባለበት ሳፋ ለብቻው ያስቀምጠዋል፤ አዲሱ ቅርፊት ሲጠነክር ቁጥሩን መልሶ ይጽፍና ወደ ገንዳው ያስገባዋል።